ሃያ ገጽ ይዞ የመጣው ሰው

ሰውየው ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ። በጋናው አሻንቲ አገር እንግዳ ውሃ ቀምሶ አረፍ ሳይል አፉን አይከፍትምና ዳቦ ጋጋሪዋ ዱፊ ያኔውኑ ጠረጠረችው። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ቀይ ቀለም አለ። ማዘጋጃ ቤት «ይፍረስ» ብሎ ግድግዳ ላይ የሚጽፍበት ቀለም ነው።

«አይስጉ፣ እማማ። ሦስት መቶ ገጽ የነበረው የከተማ ፕላን ደንብ ሃያ ገጽ ሆኗል። ከእንግዲህ መኖሪያ ቤት ውስጥ መጋገር ይፈቀዳል።»

«የቀረውን ምን በላው ልጄ? እናንተ ጋ እኮ የሚጠፋው የእኛ ማመልከቻ ብቻ ነው!»

አልሳቀም። እያወራ ዓይኑ ከምድጃዋ እስከ መንገዱ ያለውን ርቀት ይለካል። ትኩስ ዳቦ ስትሰጠው ግን ገልብጦ በጣቱ አንኳኳና ድምፁን አዳመጠ፤ ጋጋሪ ብቻ እንደሚያደርገው።

«ማን አስተማረህ?»

«እናቴ።»

«ምድጃዋስ?»

«ፈረሰ። በአሮጌው ደንብ።» ዳቦውን ሳይቆርስ ያዘው። «ግድግዳዋ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ዱፊ በርጩማ ሳበችለት።

«እንግዲያው ቁጭ በልና ሃያውንም ገጽ አንብብልኝ። አንዲት መስመር እንዳትዘል።»