ካስክ ሥር የተቀመጡት

ፀጉር ሰሪዋ ውሽማ ይዛለች ተባለ፤ ያውም ሽማግሌ። ወሬውን ያወጣችው ግድግዳ የምትጋራት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቁ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ እያጉረመረመ፣ የወንድ ድምፅ «ተመቻችሁ? ሞቃችሁ?» ሲል በሁለት ጆሮዋ ሰምታለች። «ተመቻችሁ» ካለማ አንዷ ብቻ አይደለችም ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ወሬው እግር አወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሰውዬው አባቷ ነው። የሚያናግረውም እንቁላል ነው።

አባትየው ጡረታ የወጣ የግቢ ዘበኛ ነው። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ባልደረቦቹ ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። እነሱንም በሽታ ገባና አንድ በአንድ ለቀማቸው። የመጨረሻዋን ጓሮ ቀብሮ፣ እጁን ታጥቦ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። አልተቆጣ፣ አላለቀሰ። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ በደንበኞች ወሬ ሲግል ውላ ማታ እዚያ ዝምታ ውስጥ መግባት እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ይሆንባት ጀመር። አባቷ በቁሙ እያመለጣት ነው።

በሽታው ሳይገባ የተለቀሙ ጥቂት እንቁላሎች ጓዳ ቀርተው ነበር። ያለ እናት ዶሮ ልታስፈለፍላቸው እነሱን ይዛ ተነሣች። የፎጣ ማስቀመጫ ሣጥኗን አናት በመጋዝ ቀድዳ የአሮጌውን ካስክ አፍ ልትገጥምበት፣ ከሥር ውኃ በሳህን ልታስቀምጥ፣ ሙቀቱን በብብት ቴርሞሜትር ልትለካ አሰበች። ቤት ቁጭ ብላ ከመጋዙ ጋር ስትታገል አባቷ ጥግ ሆኖ ያያል።

«እንጨቱ ምን በደለሽ?» አላት በድንገት። «መጋዝ እንደ ማበጠሪያ ይያዛል?»

ሚስማር ላምጣ ብላ ጓሮ ወጣችና አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ተሠርቶ ሱቋ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውም የሱቁ ተመላላሽ ሆነ። እንቁላሎቹን ጠዋት ማታ የሚያገላብጥ እሱ ነው፤ የተገላበጠው እንዲታወቅ አንድ አንድ ጎናቸው ላይ በቅንድብ እርሳስ ምልክት አድርጋለታለች። «ወይዛዝርቱ ተኩለዋል» ይላል። የበፊት ጌቶቹን ያማላቸዋል፤ ሲስቅ ሳል ይቀድመዋል። አንዷ ደንበኛ ካስኩ ሥር ካልተቀመጥኩ ብላ ብታስቸግር፣ ፀጉር ሰሪዋ «የኔ እህት፣ ወራቸው የገባ ይዘውታል» አለቻት።

የዶሮ እርባታ የምትሠራ ሌላ ደንበኛ አጥብቃ ነግራቸው ነበር። ጫጩት ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ረጅም ሰዓት ያርፋል፤ ገና ደሙን እየሰበሰበ ነው። ያኔ የሣጥኑን በር የከፈተ ያደርቃቸዋል፣ ቅርፊት የላጠ ያደማቸዋል።

«አባዬ፣ ሰማህ? ቢጮኹም እንዳትከፍት።»

«ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ? ሰምቻለሁ።»

የሚፈለፈሉበት ቀን የእረፍት ቀን ላይ ዋለ። ሙሽራ ልታሰማምር ተጠራችና አባቷን ሣጥኑ ፊት በርጩማ ላይ ትታው ሄደች። ስትወጣ፣ ድሮ ጥበቃ ላይ እንደሚቀመጠው፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ነበር።

ስትመለስ ካስኩ ያጉረመርማል። የሣጥኑ ትንሽ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቷ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ መስታወቱ ፊት፣ መዳፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ነጩ ፎጣ ላይ እርጥብ ጫጩቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ቅርፊታቸውን ቆሻሻ እንዳይሆን በጣሳ ሰብስቦታል። ፎጣው ደም ነክቶታል።

«አንኳኩ» አለ። «ከውስጥ አንኳኩ። ቆዩ አልኳቸው፣ ቆዩ አልኳቸው... ሲብስባቸው ከፈትኩላቸው።»

በር ሲንኳኳ ብድግ ሲል ያረጀ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ።

የቀሩትን እንቁላሎች አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከአንዱም ድምፅ የለም። ካስኩን ከሶኬቱ ነቀለችው። ያኔ ነው ያ የቤቱ ዝምታ ወደ አባቷ መመለሱ የገባት።

በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ «ያምርብሻል፣ አሥር ዓመት ነው የቀነሰልሽ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ውሸት አላጣችም። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራ ተንበረከከችና ጣቶቹን ትጠርግለት ጀመር።

«አባዬ፣ ጠዋት እኮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ብርዱ ጎድቷቸዋል። ባትነካቸውም አይተርፉም ነበር።»

መብራት አልጠፋም። ካስኩ ፊት ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነው፤ እንዳልጠፋ ያውቃል። እጁን እንደ ሕፃን ሰጥቷት መስታወቱን ያያል፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ማንንም የሚያይ አይመስልም። አንዱን እጅ ጨርሳ ሌላውን ያዘች። ጠረገችው፣ ንጹሕ ከሆነም በኋላ ጠረገችው።

«አባዬ» አለችው፤ «ዋሽተሻል እንኳ በለኝ።»