የዳቦ ጋጋሪው መርዶ

ባለቤቴ ሲሞት ያልጨረስነው አንድ ክርክር ነበረን። ክርክሩ የመሬት ወይም የልጆች ጉዳይ አልነበረም። በቴሌቪዥን ስለምንከታተለው ድራማ፣ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ ከከተማችን ከመሐል ሜዳ ከወጡ በኋላ ቤቱ ለሁለታችን ሰፋ። ብዙ ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ደግሞ የሚነጋገሩት ነገር እያለቀ ይሄዳል። የእኛን ያቆየልን ያ ድራማ ነው።

ድራማው የውጭ አገር ነው፤ የእኛ ሰዎች የአማርኛ ድምፅ አውሰውታል። በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ ዳቦ እየጋገረ የሚኖር ሰው፣ ወንድሙ ባጠፋው ጥፋት ይታሰራል። ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ ትጠብቀዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም የወንድሙ ሸር፣ የአማቷ ተንኮልና የዳኛው ጉቦ፣ ጊዜ መግፊያ ነው።

ዳቦ ጋጋሪውን ሆኖ የሚሠራው ሰው መልከ መልካም አይደለም። አፍንጫው ጠመም ያለ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ነው። ባለቤቴ የወደደው ለዚህ ነበር። ባለቤቴ ባና ሠሪ ነበር፤ እኔ የበግ ፀጉሩን እፈትላለሁ፣ እሱ ብርድ ልብሱን ይሸምናል። በዚህም የተነሣ አንድ ሰው ሲሠራ አይቶ ሙያውን ማወቅ ይችል ነበር። "እጁን እይ" ይለኝ ነበር። "ሌላው ተዋናይ ፊቱን ነው የሚያሳየን። ይሄኛው ሊጥ ሲያቦካ ካሜራ መኖሩን ይረሳል።"

የዳቦ ጋጋሪውን ሚስት ግን እኔ አልወደድኳትም። ጥፋቱ የተዋናይዋ አይደለም፣ እሷን የመረጧት ሰዎች ነው። የእስረኛ ሚስት ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ጫማዋ አንድ ቀን አይቆሽሽም። ስታለቅስ ኩሏ አይፈስም። ድምፅ የሚያውሱት ሰዎችም ጥቂት ስለሆኑ፣ ዳኛውና ዓሣ ሻጩ የሚናገሩት በአንድ ሰው ድምፅ ነበር። ዳኛው "ፍርድ ቤቱ ወስኗል" ባለ ቁጥር ባለቤቴ "ኪሎው ስንት ነው?" ይላል፤ ቤቱን የሞሉት ጎረቤቶች ይስቃሉ። በሰፈሩ ዲሽ የነበረን እኛ ስለሆንን የሰፈሩ ሴቶች እኛ ዘንድ ነበር የሚያዩት።

ክርክሩ የተነሣው ድራማው ውስጥ ሐኪም የመጣ ቀን ነው። የዳቦ ጋጋሪው ትንሹ ልጅ ታመመና አንድ መልከ መልካም ሐኪም ገባ። ልጁ ዳነ፤ ሐኪሙ ግን ከድራማው አልወጣም።

"ዳቦ ጋጋሪውን ይገድሉታል" አልኩ።

"ምን አየሽ?"

"ጸሐፊ ቆንጆ ወንድ አምጥቶ ሥራ ካልሰጠው ለሌላ ጉዳይ ነው ያስቀመጠው።"

"አይገድሉትም። ይህን ሁሉ ጊዜ በጠበቀች ሴት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።"

"ጸሐፊው አንተ አይደለህ።"

"ብሆን ኖሮ ገና ድሮ ፈትቼው ነበር።"

"ያኔ ድራማው ያልቃላ።"

"ቢያልቅስ? ሰውየው ቤቱ ይግባ።"

እንዲህ እየተባባልን ከረምን። እኔ ይሞታል፣ እሱ ይፈታል። መብራት በጠፋ ምሽት እንኳ ሥዕሉ ሳይኖር እንከራከር ነበር።

ከዚያ ባለቤቴን ኩላሊቱን አመመው። ወንድሙ ለሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ይዞት ሄደ። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፤ እኔ በጎቹን የሚጠብቅ ሰው ፈልጌ ልከተል ቀረሁ። ተሻለው እየተባለ ይደወልልኝ ነበር። መሄድ በቻልኩበት ቀን ለስንቅ ጭኮ አዘጋጅቼ፣ ንጹሕ ልብስ ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ሞልቷል አለኝ። በመስኮት ሳይ ባዶ ወንበር አለ። "ያውና ቦታ" አልኩት። አንገቱን ደፋ። የማውቃቸው ሰዎች ቆመዋል፤ ሰላም ያለኝ የለም፣ ያየኝም የለም። አንዲት የሰፈራችን ሴት ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብላ "ነገ በጠዋት ትሄጃለሽ፤ ዛሬ እቤት እንግባ" አለችኝ። በማግስቱ ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ማነው ብዬ አልጠየቅሁም።

የሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትበትም። የባለቤቴ እህት በጥቁር ነጠላ ሸፈነችው። ሴቶቹ ድራማውን ሻይ ቤት እየሄዱ ማየት ጀመሩ። እኔም ጥቁሬን ለብሼ ፀጉር እየፈተልኩ ተቀመጥኩ። የሚሸምነው ሰው ስለሌለ ፈትሉ ጥግ ላይ ይከመር ጀመር።

ከጎረቤቶቼ አንዷ፣ የቄስ ሚስት ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል፣ ከሰዓት በኋላ እንዝርቷን ይዛ እየመጣች ታጫውተኛለች። ለቅሶው ከተበተነ በኋላ መምጣት ያልተወች እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን፣ የሚወራ ነገር ሲጠፋ፣ "ዳቦ ጋጋሪው እንዴት ሆነ?" ብዬ ጠየቅኋት።

እንዝርቷን አንዴ አሽከረከረችና "ደህና ነው" አለች።

"ተፈታ?"

"አልተፈታም። ግን ደህና ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትነግረኝ ጀመር። የሚገርመው ድራማው እየተሻለ መሄዱ ነው። ድሮ ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱ ልትጠይቀው ስትመጣ እያያት ይቃትታል እንጂ ቁም ነገር አይናገርም ነበር። አሁን ግን "ለክረምቱ እንጨት አላችሁ ወይ?" ይላታል። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ ያስታውሳታል። ከእስረኞቹ ጋር በአንድ ሰፌድ ይበላል፤ የታመመ እስረኛ ሲኖር ድርሻውን ይተውለታል። ወንድሙ መጥቶ ይቅርታ ሲለምነው ወዲያው አልማረውም፤ ሽማግሌ ላክ አለው። "ጸሐፊዎቹ ተለወጡ መሰል" አልኳት። "መሰለኝ እትዬ" አለችኝ፤ ዓይኗን ከእንዝርቷ አላነሣችም።

ይህን ወሬ ለምን እንዲያ እንደምጠብቀው ለእሷም አልነገርኳትም። ባለቤቴ አደርገዋለሁ ያለው ሁሉ ቀርቷል። አጋምሶት የሄደውን ባና የሚጨርሰው የለም፤ እሸጠዋለሁ ያለው በግ ሞቷል። ገና ያልተዘጋ አንድ ቃል ግን ነበረው፤ ዳቦ ጋጋሪው ይፈታል ብሏል። ሰውየው እስኪፈታ ወይም እስኪሞት ድረስ ክርክራችን አላለቀም። ስሸነፍ ለማየት እጓጓ ነበር።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለተዝካሩ እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሴቶች ተራ ይዘው ያወራሉ። ገና ከበሩ ሳልገባ አንዷ ስትናገር ሰማሁ።

"ሐኪሙ ቀለበቱን በኬክ ውስጥ ደብቆ ሰጣት።"

"ብትውጠውስ?" አለች ሌላዋ።

"ሐኪም አይደል፣ ያወጣዋላ።"

ሲስቁ እኔ ገባሁ። ሳቁ ቆመ። አንዷ ጆንያዋን አስተካከለች፣ አንዷ ስለ ወፍጮው ዋጋ መናደድ ጀመረች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። መናኸሪያ የሰማሁት ነው። ዱቄቴን ይዤ እስክመለስ ድረስ ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል። ሐኪሙ ቀለበት የሚያስረው ባል ስለሌለ ነው።

በዚያው ቀን ጎረቤቴ መጣች። ቁጭ ብላ እንዝርቷን አወጣች።

"ዛሬ የምነግርዎ ብዙ ነው እትዬ።"

"መቼ ነው የሞተው?" አልኳት።

"ማን?"

"ዳቦ ጋጋሪው።"

እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ወፍጮ ቤት ዝም አሉኝ። መቼ ነው?"

"የጋሼ አርባ ሳይወጣ።"

ይህን ያህል ጊዜ ሆኖታል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ሁሉ፣ እንጨቱም ሰፌዱም ሽማግሌውም፣ ከእሷ ነው ማለት ነው።

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም ነን። ሻይ ቤት ሆነን ሚስቲቱ መሞቱን ሰምታ ስትወድቅ ስናይ ወዲያው እርስዎን አሰብን። ባለ ሻይ ቤቷ 'ለድራማም መርዶ አለ እንዴ?' ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ማን ይንገራት ሲባል ግን እኔ ያለ የለም። ሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም ተባለ። ከዚያ ሲጠይቁኝ ደህና ነው አልኩ። አንዴ ደህና ነው ካልኩ ምን ላድርግ፣ በየቀኑ ደህና ላደርገው ግድ ሆነ። ባሌ ቢሰማ ለሥዕል ደግሞ ትዋሻለሽ ብሎ ስግደት ያዝዝብኝ ነበር።"

"እንዴት ገደሉት?"

"በስልክ።"

"በስልክ ማለት?"

"አልታየም። የእስር ቤቱ ጠባቂ ደውሎ ጠብ ተነሥቶ ሞተ አላት። ሬሳውንም አላሳዩንም። ተዋናዩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ጥሏቸው ነው ይላሉ።"

"እሷስ?"

"አለቀሰች።"

"ስንት ቀን?"

"ምን ቀን አለው እትዬ፤ ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው ስትመለስ ፀጉሯን ተሠርታለች።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች።

እኔ አዋቂ ተመልካች ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ቀድሜ ተናግሬዋለሁ፤ የሆነውም እንዳልኩት ነው። አሸንፌያለሁ። ግን ይህን የምነግረው ሰው መሬት ገብቷል፤ እሱ ሳይሰማው ማሸነፍ ምን እንደሚባል አላውቅም። ጸሐፊዎቹንም ልረግማቸው አልቻልኩም። ተዋናዩ ሥራ ለወጠባቸው፣ እነሱም ደወሉ፤ ሥራቸው ነው። እኔ ግን የባለቤቴን ሞት እንኳ ሰዎች ደጄ ድረስ መጥተው፣ እግራቸው ብርድ እየመታው ቆመው ነው የነገሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሊጥ ያቦካ ሰው አንድ ስልክ ብቻ ነበር የተረፈው።

በማግስቱ ጎረቤቴን "ቀጥይልኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሽማግሌ ላክ ያለውን። ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?"

"እያወቁት እትዬ?"

"እያወቅሁት።"

ሞከረች። ሽማግሌዎቹ እስር ቤቱ በር ደረሱ አለች። ጠባቂው አስገባቸው አለች። ዳቦ ጋጋሪው መጣ አለች። እዚህ ስትደርስ እንዝርቷን አስቀመጠች። "ውሸት መሆኑን እያወቁ ሲሰሙኝ አይመጣልኝም" አለች። "ድሮ እርስዎ ስላመኑኝ ነው የመጣልኝ።" እኔም ለብቻዬ ልቀጥለው ሞከርኩ። ሰውየውን አምጥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት አቆምኩት። ምንም አላለም።

ሙት ዓመቱ ወጣ። የባለቤቴ እህት ጥቁሩን ነጠላ ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣች፤ ባለ ሻይ ቤቷ ባሏን ልካ ነፋስ ያዞረውን ዲሽ አስተካከለችልኝ። ሴቶቹ እንደ ድሮው ወደ እኔ ቤት ተመለሱ። ደግነታቸው ነው፤ ብቻዬን እንዳልቀር ብለው ነው። የመጡበት ምሽት የመጨረሻው ክፍል ነበር፤ የሐኪሙና የሚስቲቱ ሠርግ።

ከዚያ ሠርግ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሟቹን አንድ ሰው እንዲያነሣው። ልጆቹ ይሁኑ፣ ሚስቱ ትሁን፣ ያ ክፉ ወንድሙም ይሁን፤ አንድ ጊዜ ስሙን ይጥሩ። የልጆቹ እናት ነጭ ለብሳ ወጣች። ትንሹ ልጅ ሐኪሙን አባዬ ብሎ ጠራው። ዳቦ ቤቱ ልብስ መሸጫ ሆኗል፤ ካሜራው በፊት ለፊቱ ሲያልፍ ቀረብ ብዬ አየሁ፤ ሳይቆም አለፈ። ጨፈሩ። ዓሣ ሻጩ በዳኛው ድምፅ ምርቃት ተናገረ። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጎረቤቴ እንደማታይ ሆና ታየኛለች። የተዋናዮቹ ስሞች እየወጡ ወደ ላይ መሄድ እስኪጀምሩ ጠበቅሁ። በመካከላቸው ዳቦ ጋጋሪውን የሠራውን ሰው ስም ፈለግሁ፤ አልነበረም።

ነጠላቸውን እየተከናነቡ ሲወጡ ከሴቶቹ አንዷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ደስ የሚል አጨራረስ ነው፣ አይደል እትዬ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።