የእትዬ ወለተሐና የረቡዕ ሽሮ

ከአረርቲ መጥቼ ደብረ ብርሃን ዳር ካለው ፋብሪካ የተቀጠርኩ ሰሞን በረሃብ ልሞት ነበር። ብርዱስ ይሁን፣ ይለመዳል፤ የሚበላ ነው የጠፋው! አንዱ ቤት ሽሮው ውኃ፣ ሌላው ቤት እንጀራው የትናንት። ቋጥሬ ልውሰድ ስል ደግሞ ፌስታሉ ውስጥ ተጨማልቆ ይደርሳል። ስበሳጭ ከርሜ ከርሜ ነው እትዬ ወለተሐናን ያገኘሁት።

እትዬ ወለተሐና የአንኮበር ሰው ናቸው፣ የቄስ ልጅ። ሰፈራችን ጫፍ ባለችው ቆርቆሮ ቤታቸው ጠዋት ጠዋት የሠራተኛውን ምሳ ዕቃ እየሞሉ ይተዳደራሉ። አፋቸው አያርፍም። «አንተ ከሲታ፣ ሳታጥበው ነው ያመጣኸው?» ብለው ስንቴ ከበር መልሰውኛል! እጃቸው ግን እጅ ነው። በተለይ የጾም ምግባቸው የታመነ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ቴዎፍሎስ በጾም ቀን ሌላ ቤት ከሚበላ ጦሙን ቢውል ይመርጣል፤ የእሳቸውን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል።

በዓለ ሃምሳ አለቀ። በሃምሳው ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የእትዬ እጅ ቅቤ ለምዷል። ከዚያ ወዲያ በመጣው የመጀመሪያ ረቡዕ፣ ምሳ ላይ፣ ሽሮው ዛሬ ምን ነካው እንዲህ የጣፈጠው እያልኩ ጣቴን ስልስ፣ እትዬ ወለተሐና ነጠላቸው መሬት እየጠረገ እያለከለኩ ፋብሪካው ድረስ መጡ።

«ልጆቼ፣ አትብሉ! ቅቤ አግብቼበታለሁ! አፈር ልብላ፣ ረስቼ ነው!»

ቴዎፍሎስ ምሳ ዕቃውን ጠርጎ ጨርሶታል። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ወጣ።

እኔ ተናደድኩ። «እትዬ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር? አሁን ማን ይመጣልዎታል?»

«ዝም በል አንተ! አምናችሁኝ አይደል የምትበሉት?» አሉና እያለቀሱ ሄዱ።

በማግሥቱ ቤቱ ተዘጋ። ዓርብ ጠዋትም ዝግ ነው። ሆዴ ባባ፤ ለምሳዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሴትዮዋን እወዳቸዋለሁ። ላንኳኳ ስጠጋ ቴዎፍሎስ ምሳ ዕቃውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

እትዬ በሩን ገርበብ አደረጉት። «ሂዱ ልጆቼ። ከእንግዲህ የጾም ምግብ በኔ እጅ? ማን ያምነኛል ብዬ?»

«እኔ» አለ ቴዎፍሎስ። «ሌላ ቤት ስንቴ ቅቤ አብልተውኝ ዝም እንዳሉ በምን አውቃለሁ? ሮጠው መጥተው የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እትዬ ወለተሐና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? እሳቱ አልተያያዘም። ግቡና እንጨት ፍለጡ!»

ያን ቀን ሁለታችንም ሥራ አረፈድን።