«ጨዋ ነው» የሚል ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ የነርሶችን የጠዋት ርክክብ ለማዳመጥ ቆሜ ነበር። ነርስነትን ለረጅም ዘመን አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የተጠራሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዱ ነርስ በራሱ መንገድ የሚጽፈውን የክትትል ማስታወሻ ወደ ወጥ አጻጻፍ ለማምጣት።

በመስኮቱ በኩል ባለው ማሞቂያ ሥር ወላጆቹ ከቦዲቲ አካባቢ ያመጡት፣ ክብደቱ ያነሰ ወንድ ልጅ ተኝቷል። አስረካቢዋ ነርስ የልጁን የክትትል ቻርት ገለጠች።

«ይኼ እንኳ ጨዋ ነው። አላስቸገረንም።»

«ጨዋ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሲስተር?»

«አያለቅስም ማለት ነዋ፣ መምህር! እንደ ጎረቤቱ ቤቱን አይበጠብጥም።»

ሌሎቹ ሳቁ። ጎረቤቱ በእርግጥም እየጮኸ ነበር።

ቻርቱን ተቀብዬ አነበብኩ። እርሷም ሆነች ከእርሷ በፊት የነበሩት ተረኞች በእንግሊዝኛ «ካልም» ብለው ጽፈዋል፤ የተረጋጋ ማለታቸው ነው። ይጥባ አይጥባ፣ ሲነካ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ፣ አንዳቸውም አላሰፈሩም።

የክፍሉ ኃላፊ ጎንበስ ብላ የልጁን ውስጥ እግር በጣቷ መታ መታ አደረገች። አልተንቀሳቀሰም። ሆዱን ዳሰሰች፤ ማሞቂያው ሥር ሆኖም ቀዝቅዟል። ሳቁ ተቋረጠ፤ ሐኪም ተጠራ፤ መድኃኒት በደም ሥር ተጀመረ።

«ሌሊቱን ብቻዬን ነበርኩ» አለች አስረካቢዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት። እውነቷን ነበር።

እናቲቱን በወላይትኛ አነጋገርኳት። «ልጄ አሁን አያለቅስም» ብላ ለአንዲት ተረኛ ተናግራ ኖሯል። ቋንቋውን የማታውቅ ነርስ ቃሉን በሌላ አስታማሚ አስተርጓሚነት ሰማችው። በአማርኛ ርክክብ «ጨዋ» ሆነ፤ ወረቀት ላይ ሲደርስ «ካልም» ተባለ። በየቤታችን የማያለቅስ ሕፃን ይመሰገናል። በዚያ ክፍል ግን የሕፃን ዝምታ የከባድ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ከተማሪዎቼ መካከል ለፈተና ያላጠና አልነበረም።

ልጁ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ዐረፈ።

አባቱ አስከሬኑን ሊረከብ ሲመጣ በረንዳው ላይ አገኘኝ። ነጭ ጋቢ የደረበ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ገበሬ ነው።

«አባባ፣ ስናመጣው ያለቅስ ነበር። መቼ ነው የደከመው?»

ቻርቱ በእጄ ነበር። ሆኖም ከዚያ ውስጥ ልነግረው የምችለው ነገር አልነበረም። «አልተጻፈም» አልኩት። እናቲቱ ወደተቀመጠችበት ሄደ።

በሚቀጥለው የክፍሉ ስብሰባ «ጨዋ»ም «ካልም»ም ከርክክብም ከማስታወሻም እንዲወጡ ተስማማን፤ በምትካቸው መጥባት፣ ሙቀትና ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ በየሰዓቱ እንዲመዘገቡ ተወሰነ። እኔ እናት የተናገረችው ቃል ሳይተረጎም፣ በራሷ ቋንቋ የሚሰፍርበት ረድፍ ይጨመር አልኩ።

«መምህር፣» አለች ኃላፊዋ፣ «እጄ ሕፃኑ ላይ ይሁን ወይስ እስክሪብቶው ላይ? አንዱን ይምረጡልኝ።»

«ሁለቱንም» አልኳት።

«እንግዲያው ሦስተኛ እጅ ይቅጠሩልኝ።»

በዚህ ተለያየን። የእናት ቃል የሚጻፍበት ረድፍ እስከ ዛሬ አልጸደቀም። ልጁ ማልቀሱን ያቆመው በማን ተራ፣ በስንት ሰዓት እንደነበረም አልታወቀም።