ስንት ዓይን አለው?

ልጅ ሳለሁ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ነበርኩ። ሰቆጣ ውስጥ ከእኛ ቤት ጋር በአንድ የድንጋይ ካብ የሚዋሰኑ አያ ደሳለ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሰቆጣ ዙሪያና በፃግብጂ ገጠር እየተዘዋወሩ የመቅደስ ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፍተው ነበር። ሐኪም አይቷቸው ዘግይተዋል ብሏቸዋል። ስለዚህ ማምሻውን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ ሥዕል እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሥዕሉን ተረት አድርገው ይመልሱልኛል።

ሥዕሎቹ ያሉበትን መጽሐፍ ያመጣላቸው ልጃቸው ምስጋናው ነው። ለትምህርት ቤታችን በካርቶን ከመጡት የውጭ አገር መጻሕፍት መካከል ሽፋኑና የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥለው ሊጣል ሲል ያዳነው ነው። የጥንት የባሕር ጀብዱ ታሪክ ነው፤ አንድ የኮሚክ ሰዓሊ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ሠርቶት፣ ገጹ ሁሉ እንደ መስኮት በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከእንግሊዝኛ የማውቀው አፍንጫና ጆሮ ምን እንደሚባሉ ብቻ ነበር። ምስጋናው ራሱ ለአባቱ ሲነግር ከረመና፣ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ሲነሣ መጽሐፉን ለእኔ አስረከበኝ። «እስክመለስ አንቺ ንገሪያቸው፤ ጎማ ያለው ቦርሳ አመጣልሻለሁ» አለኝ። ለጽድቅ ብዬ አይደለም የጀመርኩት፤ ለቦርሳው ነው።

ቤታቸው የሰምና የደረቀ ቀለም ሽታ ነበረው። ለእሳቸው ምንም የማይፈይደውን ጧፍ ለእኔ ብለው ይለኩሱልኛል፤ ከዚያ እጃቸውን ምድጃው ውስጥ በተረፈው ፍም ላይ ዘርግተው «በይ፣ ክፈቺ» ይላሉ። ስሳሳት በአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ይሰድቡኛል። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ «ምርቃት ነው» ይሉኛል።

ስለ ማንም ሰው አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ስንት ዓይን አለው?» በእሳቸው ሙያ ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ ሰዓሊ በዓለም ላይ ይኖራል ብለው አስበውም አያውቁም። የመጽሐፉ ታሪክ ቤቱን ጥሎ መርከብ ስለተሳፈረ ጎረምሳ ነው። የመርከቡ አለቃ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ክብ ፊት ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ወደ እኛ እያየ ይስቃል። ሸራ የሚሰፋ አንድ ቀጭን ሰው ደግሞ አለ፤ እሱ በየገጹ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚታየው።

«አለቃው ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«እሰይ። ሸራ ሰፊውስ?»

«አንድ።»

«ወይ ጉድ፣ ልጁ ከእሱ በራቀ» ይሉና ተረቱን ከዚያ ይይዙታል። በእሳቸው አፍ አለቃው እየጾመ ባሕር የሚሻገር ደግ መነኩሴ ሆነ፤ ሸራ ሰፊው ደግሞ ሁሉም ሲተኛ የመርከቡን ሆድ በወስፌ የሚበሳ እርኩስ። ከሰዎቹ አፍ ነጭ ደመና ይወጣል፣ በውስጡም ጽሑፍ አለበት ብዬ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «እስትንፋስ ነው፤ አገሩ ብርድ ነው» አሉ። እኛም ጋ ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ስለሆነ አመንኳቸው። ደመናው ትልቅ የሆነ ቀን «ዛሬስ ውርጭ ነው» እያልን ለልጁ እናዝንለት ነበር። እንዲያ ያለ ጨዋታ ከማንም ጋር ዳግመኛ አልተጫወትኩም።

ምስጋናው በወጣ በሁለተኛው ወር አብሮት የሄደው ሰይድ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ ወባ ይዞት ከጅቡቲ ተመለሰ። ሰውነቱ አልቆ ነበር። በስልኩ አንድ ፎቶ ይዟል፤ ምስጋናው ባሕሩ ዳር ቆሟል፣ ከጎኑ በጀልባ የሚያሻግራቸው ደላላ አለ። መልእክትም ነበረው። «ፈርቷል» አለ ሰይድ፣ አያ ደሳለ ፊት ቁጢጥ ብሎ። «አባቴ ሂድ ካለኝ እሻገራለሁ፣ ተመለስ ካለኝ እመለሳለሁ ብሏል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኔ ስልክ ይደውላል።»

አያ ደሳለ ባሕር የሚያውቁት ራሳቸው ከሣሉት የፈርዖን መስጠምና ከዚያ መጽሐፍ ነው። ስልኩን ተቀብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ሰውየው ስንት ዓይን አለው?»

«ሁለት።»

«በደንብ እዪ።»

«ሁለት ነው አያ። እየሳቀም ነው።»

«ልጄስ?»

ምስጋናው ፎቶው ሲነሣ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነበር። የሚታየው ጆሮው፣ ጉንጩና አንድ ዓይኑ ነው። ሥዕል በነገርኳቸው ጊዜ ሁሉ ዋሽቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ ብል ምስጋናውን ከእነ ይሁዳ ጋር ላቆመው ነው፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ቦርሳው ትዝ አለኝ። ደጋግሜ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር ያው ነው።

«ሁለት» አልኩ። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ።

እሑድ ስልኩ ጠራ። ሰይድ ጆሯቸው ላይ ያዘላቸው። ምስጋናው ብዙ ተናገረ፤ ድምፁ እንጂ ቃሉ አይሰማንም። አያ ደሳለ እስኪጨርስ ጠበቁትና «ሂድ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይከተልህ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ ሰው የለም። ሰይድ ቁጥሩን ሳይቀይር ስንት ዓመት ቆየ፤ አብረውት የወጡትን ሰዎች ቤተሰቦች ሁሉ ጠየቅን፤ ደረሰ የሚል የለ፣ አልደረሰም የሚል የለ። አልቅሰን እርማችንን እንዳናወጣ እንኳ መሞቱ አልታወቀም።

አያ ደሳለ ተረቱን አልተዉም፤ ግን ጎረምሳው ባሕር መሀል ካለበት ገጽ «ከዚህ አትለፊ» አሉኝ። እዚያው ገጽ ላይ ቀረን። የገጹ ጠርዝ በጣቴ እስኪጠቁር ድረስ ያንኑ ማዕበል እነግራቸው ነበር። እኔ ግን አሥረኛ ክፍል ስደርስ መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ከእሳቸው ተደብቄ፣ ደመናዎቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። እስትንፋስ አልነበሩም፤ ንግግር ነበሩ። ባለሁለት ዓይኑ አለቃ በዚያ በትልቁ ደመና «ልጁን ውሰዱት፣ ከእንግዲህ የእናንተ ነው» እያለ ነው። ባለአንድ ዓይኑ ሸራ ሰፊ ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ከዚህ ሰው ሽሽ» እያለ ሲለምነው ነበር። እኛ ፍም እየሞቅን «ብርድ ነው» ስንል፣ እሱ ያን ሁሉ ጊዜ ይጮህ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ለራሴም አልታወቀኝም።

ለዓመታት ዝም አልኩ። አሁን እዚያው ሰቆጣ አስተማሪ ነኝ፤ አያ ደሳለም አሉ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማምሻ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ከአፌ ወጣ።

«አያ፣ ያን መጽሐፍ የሣለው ሰው የእርስዎን ሥርዓት አያውቅም። ልጁን አሳልፎ የሰጠው አለቃው ነው። ሊያድነው የደከመው ሸራ ሰፊው ነው።»

«ባለአንድ ዓይኑ?»

«አዎ።»

ፍሙን በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። «እንግዲያ ልጄም አንድ ዓይን መሆኑ ክፋት የለውም» አሉ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ያን ቀን ስለ ሰውየው ስጠይቅሽ ቶሎ መለስሽ» አሉኝ። «ስለ ልጄ ስጠይቅሽ ዘገየሽ። ሁለት ዓይን ለመቁጠር ምን ያዘገያል፣ አንቺ ቀልቃላ?»

«ታዲያ ለምን ሂድ አሉት?»

«ተመለስ ብለው ይመለስ ነበር? በስልክ ሰምቼዋለሁ፤ ልቡ ተሻግሮ ነው የሚያወራኝ። ያለ ምርቃት ከሚሄድብኝ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት እኔ በውሸቴ የላክሁት መስሎኝ ስቃጠል፣ እሳቸው ደግሞ የእኔን ውሸት አውቀው፣ ባወቁትም የሚያደርጉት ነገር አጥተው ኖረዋል። ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር፤ ግን የቱን ይቅር እንዲሉኝ ልጠይቅ። እሳቸውም የጠበቁኝ አይመስለኝም። ጧፍ ፍለጋ እጃቸውን ወደ መደቡ ሰደዱ።

«በይ፣ ክፈቺ። ከማዕበሉ እለፊ።»

አለፍኩ። ደመናዎቹን አሁን በአማርኛ እያነበብኩላቸው፣ እሳቸውም ሸራ ሰፊውን ይቅርታ እየጠየቁት፣ መጽሐፉ ካለው የመጨረሻ ገጽ ደረስን። ጎረምሳው ባሕር ውስጥ ገብቷል። ሸራ ሰፊው ከጀልባ ላይ ጎንበስ ብሎ ገመድ ወርውሮለታል። የሚቀጥለው ቅጠል ከሽፋኑ ጋር ድሮ ተገንጥሎ የጠፋው ነው።

«ያዘው ገመዱን?» አሉኝ።

በልጁ ጣቶችና በገመዱ ጫፍ መካከል ምንም ያልተሣለባት፣ አንድ ጣት የምታህል ነጭ ወረቀት አለች። ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ተረት ነው፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አልረሳ ያለኝ አንድ ጥያቄ ሲጠይቁኝ የዘገየሁባት ቅጽበት ናት። አሁን አልዘገየሁም።

«ገና ነው፣ አያ» አልኳቸው።