ጅግሮቹ የሄዱ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ቀራንዮ የነበረው ቤታችን ጠባብ፣ ግቢው ግን ሰፊ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ያኔ ግን ከቆርቆሮ አጥራችን ወዲያ የባሕር ዛፍ ጫካና አንዲት ቀጭን ወንዝ ብቻ ነበሩ። የእናቴ አባት ሚስታቸው ስትሞት ከጎጃም መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። አባባ እንላቸዋለን። ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው እጃቸውን አጣምረው መቀመጡ ከሐዘኑ እኩል ይከብዳቸው ነበር።

አንድ ቀን የወንድማቸው ልጅ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ከአባይ በረሃ ያገኘውን የጅግራ ዕንቁላል በጭድ ጠቅልሎ ይዞላቸው መጣ። አባባ ለመታቀፍ የተቀመጠች ዶሮ ፈልገው ሥሯ አደረጉት። እኔ ተስፋ ቆርጬ ከተውኩት በኋላ አሥራ አንድ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። እናቴ «ሰው ዶሮ ያረባል፣ የእኔ አባት የዱር አውሬ ያረባሉ» እያለች ትስቅ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠዋት መነሳት፣ ጢማቸውን መላጨት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማውራት ጀመሩ።

ጅግሮቹ ላባ አውጥተው ግራጫው ላይ ነጩ ነጠብጣብ መታየት ሲጀምር ማለማመዱ ተጀመረ። አባባ ግቢው ውስጥ ከሠሩላቸው ቤት ለብዙ ሳምንታት አላስወጧቸውም። ማታ ማታ ማሽላ ያለበትን ጣሳ ይነቀንቁና ወዲያው ይበትኑላቸዋል፤ የጣሳው ድምፅና እህሉ በጅግሮቹ ጆሮ አንድ እስኪሆኑ ድረስ። ከዚያ ሁለቱን ብቻ ለቀቁ። ዘጠኙ ውስጥ ሆነው ይጮሃሉ፣ ሁለቱ ውጭ ሆነው ይመልሳሉ፣ ከአጥሩም አይርቁም። በማግስቱ ሌሎች ሁለት ይወጣሉ፣ የትናንትናዎቹ ይቀራሉ። ለምን ሁሉንም እንደማይለቋቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ።

«ጅግራ ቤቷ ቆጡ አይደለም፤ ጓደኞቿ ናቸው። እነሱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ርቃ አትሄድም። ሁሉም አንዴ ከወጡ ግን ለማን ብላ ትመለስ? ገና ነው ልጄ፣ ጊዜ ይፈልጋል።»

ተረት የሚነግሩኝ የወጡትን ሁለቱን ስንጠብቅ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ በረንዳው ላይ ማንደጃ ያቀጣጥላሉ፣ በቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ይደረደራል፣ መብራት ከጠፋም ፋኖሱ ይለኮሳል። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለው፣ በቆሎው እየተንጣጣ፣ ሳይቻኮሉ ያወሩልኛል። ከሁሉም የምወደው ስለ ጅግራና ስለ ዶሮ የሚያወራውን ነበር። እህትማማቾች ናቸው፤ አንድ ቀን አገር ለማየት አብረው ሊወጡ ሲሉ እናታቸው ዱቄት ስትነፋ ደረሱባት። ዶሮ ማታ እመለሳለሁ አለች። ጅግራ ግን መች እንደምትመለስ መናገር አልፈለገችም። እናትየዋም ከሩቅ ስትመጣ እንድታውቃት ብላ የያዘችውን ዱቄት ጀርባዋ ላይ በተነችባት። ነጠብጣቡ ከዚያ የመጣ ነው። «እና ተመለሰች?» ስላቸው «እሱን ነገ» ይሉኛል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ኮረብታ ያሻግሯታል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ ለመድኃኔዓለም በዓል ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲሉ ሁለቱን ለቀቁ፣ የጅግሮቹን ቤት በር ቀረቀሩ፣ መያዙን ለማየትም አንዴ ሳብ አደረጉት። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዘጠኙ መጮህ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ጮሁ። አንጀቴን በሉት። ጣሳውን እንደሆነ ያውቁታል፣ እኔንም ያውቁኛል፣ ታዲያ ምን ይሆናሉ ብዬ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ተበትነው ሣር ለቀሙ። ደስ አለኝ፤ አባባ ሲመጡ ሊያደንቁኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንዷ ጣሪያው ላይ ወጣች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ ከጣሪያው ወደ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ወንዙ ማዶ። ጣሳውን እጄ እስኪዝል ነቀነቅሁት። አመሻሽ ላይ ሁለቱ ተመልሰው አጥሩ ላይ ቆሙ። ጮሁ፣ ዝም ብለው አዳመጡ፣ እንደገና ጮሁ። ከውስጥ የሚመልስላቸው አልነበረም። እነሱም ሄዱ።

አባባ ሲመጡ እኔ አልጋ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብስ ተከናንቤያለሁ። የተከፈተውን በር መቀርቀሪያ ደጋግመው ሲስቡት ይሰማኝ ነበር። ሦስት ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጣሳ ነቀነቁ። በሦስተኛው ማታ ጠሩኝ፣ አጠገባቸውም አስቀመጡኝ።

«ሰናይት፣ እኔ ስወጣ እዚህ ነበርሽ አይደል? በሩን ስቀረቅር አይተሻል?»

የቁጣ ድምፅ አልነበረም፤ ቢቆጡ ኖሮ እናገር ነበር። ማወቅ የፈለጉት ስለ ራሳቸው ነበር።

«አላየሁም አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ በኪሳቸው ይይዙት የነበረውን የውጭ በር ቁልፍ አውጥተው ለእናቴ ሰጧት።

«እንግዲህ አንቺ ያዢው። መርሳት ጀምሬያለሁ።»

«አባዬ፣ ማንም ሰው ይረሳል እኮ፤ ምን ሆነው ነው?»

«የቀረቀርኩ መስሎኝ ነበር። እሳቱንስ እንዲሁ ያጠፋሁ ቢመስለኝ? ቤት ውስጥ ልጅ አለች።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። ለእኔ ሲሉ ማንደጃ ማቀጣጠል ተዉ። በረንዳው ማታ ማታ ጨለማ ሆነ። የጅግራዋን ተረት እንዲጨርሱልኝ ስለምናቸው «ረስቼው ይሆናል፣ የተሳሳተ እንዳልነግርሽ» ይሉኝ ጀመር። እንዳልረሱት አውቅ ነበር። የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናቴም ብቻቸውን መልቀቅ ፈራች። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንዳይጠፉ እጃቸውን ይዤ እንድሄድ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በየሳምንቱ ንግግሬን አዘጋጃለሁ፤ እዚያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ፣ ያቺ ሱቅ ጋ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ስንደርስ ደግሞ ሌላ ቦታ እመርጣለሁ። እሳቸው ደግሞ በየመታጠፊያው «በዚህ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔን በተረታቸው አገሩን ሁሉ ያዞሩኝ ሰው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በስተመጨረሻው በእርግጥም ይረሱ ጀመር፣ እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ ሞቱ። ካደግሁ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። «ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ልጅ ነበርኩ። በሩን የከፈተችውን ልጅ ይቅር ካልኳት ቆይቻለሁ። በሦስተኛው ማታ ተጠይቃ የመለሰችውን ግን እስካሁን አልቻልኩም። እርጅና ለእሳቸውም መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ እኔ ግን ጊዜው ሳይደርስ አምጥቼ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም አምነው ከእጄ ተቀበሉኝ።