ልጇን ያልተወችው ጎሪላ

ከቱሉ ዲምቱ የተነሳሁት ማለዳ ላይ ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወርድ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አገኙኝና፣ «ዝንጀሮው አልበቃሽ ብሎ ደግሞ ጎሪላ?» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ሥራዬ የዱር እንስሳት ጥበቃ ነው፤ ዓመታቴን የጨረስኩት ደጋ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ስከታተል ነው። አሁን ደግሞ መሥሪያ ቤቴ የጎሪላ እናቶች ግልገሎቻቸውን እንዴት እንደሚያሳድጉ አይቼ እንድመለስ ወደ ኡጋንዳ ላከኝ።

ልቤ ግን ቤት ቀርቷል። አብሬያቸው የምኖረው ታናሽ እህቴ ትዕግሥትና ባሏ ሰሎሞን የመጀመሪያ ልጃቸውን ናሆምን ክርስትና በተነሳ በወሩ በሳንባ ምች አጥተዋል። እኛ ሰፈር ሕፃን ሲሞት እናት ወደ መቃብር አትሄድም። ወንዶቹ ይዘውት ይወጣሉ፤ እነሱ እስኪመለሱ ሴቶቹ ልብሱን፣ ጡጦውን፣ ማዘያውን ሰብስበው ከዓይኗ ያርቃሉ። እትዬ ዘነበችም ዕቃውን ሁሉ ቤታቸው ወሰዱት። ክፋት አልነበረበትም፤ አይታው እንዳይብስባት ብለው ነው። ትዕግሥት ግን ከዚያ ወዲህ ምግብ የምትቀምሰው በልመና ሆነ። የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄን የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

የሚመልስላት የለም። ሁሉም «እግዜር ይተካልሽ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ሳመነታ «ሂጂ» ያለችኝ እሷው ናት። «እናቶቹን አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ወደ ጫካው

ከኢንቴቤ እስከ ብዊንዲ ጫካ መንገዱ ሙሉ ቀን ፈጀ። ምባራራ ለምሳ ቆመን ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ በኦቾሎኒ ወጥ በላሁ፤ ለእኔ ምላስ ጨው የራቀው ድንች ነው። ከካባሌ በኋላ እስከ አናታቸው በእርከን የታረሱ ኮረብቶች ተከተሉ። ቀዩ መንገድ በዝናብ ላልቶ መኪናችንን ጭቃ ያዛትና ወርደን ገፋን።

በነጋታው አስጎብኚያችን ግሬስ ለሁላችንም የአፍ መሸፈኛ አደለች። ረጋ ያለች፣ የልጆች እናት ናት። «የሚያስለው ሰው ካለ ይቅር፤ የእኛ ጉንፋን እነሱን ይገድላል» አለች። ሳማው እየለበለበን፣ ሐረጉን እየሰበርን ወጣን። ድንገት ግሬስ ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ድምፅ አሰማች፤ በጎሪላ ወግ ሰላምታ መሆኑ ነው። ከቅጠሉ መሃልም ተመሳሳይ ድምፅ መለሰላት።

አንዲት እናት ገና ያልጠና ግልገሏን በአንድ ክንዷ ደረቷ ላይ ደግፋ ትበላለች። ሌላው ከፍ ያለው ግልገል በእናቱ ጀርባ ላይ ተፈናጧል። መሮጥ የጀመረው ደግሞ እንደ አባቱ ደረቱን ልደልቅ ብሎ ይቆምና በቂጡ ዘጭ ይላል። ሳቄ መጣ። ይህን ለትዕግሥት እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ዳር ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን አየሁ። እቅፏ ውስጥ ያለው ግልገል አይንቀሳቀስም። ዝንብ ወሮታል፤ እሷ ግን ጸጉሩን በጣቷ እየከፈለች ታጸዳለታለች።

«ከሞተ ቀናት አልፈዋል» አለች ግሬስ በሹክሹክታ። «ሲደክማት ታስቀምጠዋለች፤ ስትነሳ ታነሳዋለች።»

«አትወስዱባትም?»

ዞር ብላ አየችኝ። «እንዴት ብለን? እሷ እስክትተወው እንጠብቃለን።»

ጭላዳም እንዲህ ታደርጋለች። ብዙ ጊዜ አይቼ፣ መዝግቤ አልፌያለሁ። እንስሳ በልቡ ምን እንደሚል አውቃለሁ አልልም። የዚያን ቀን ግን ማለፍ አቃተኝ። መንጋው ሲነሳ እሷ ልጇን በአንድ እጇ ይዛ ወደ ኋላ ቀረች፤ ትልቁ አውራም ቆም ብሎ ዘወር አለ፤ እስክትደርስ አልተንቀሳቀሰም። በመሸፈኛው ስር አለቀስኩ።

ቤት

ከቦሌ ወደ ቃሊቲ፣ ከከባድ መኪኖቹ ጋር እየተጋፋን ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ። እትዬ ዘነበች ትዕግሥት አጠገብ ተቀምጠው ምሳ ብዪ እያሉ ይለምኗታል፤ ሰሎሞን በሩ ጋ ቆሟል። በቂጡ ስለሚወድቀው ግልገል ነገርኳት። አልሳቀችም።

«የሞተባት የለችም?» አለችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «አለች። ይዛው ትዞራለች።»

«ማን ቀማት?»

«ማንም።»

ትዕግሥት ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች።

«እትዬ፣ የልጄን ልብስ ይስጡኝ።»

«ይብስብሻል ልጄ...»

«ይባስብኝ።»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ። ሲመለሱ ልብሱ ያለበትን ፌስታል ጉልበቷ ላይ አኖሩላትና ራሳቸው ማልቀስ ጀመሩ። ትዕግሥት ትንሿን ሹራብ አውጥታ አሸተተች። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ውሰደኝ» አለችው።

በማግስቱ ሰሎሞን ከፊት ሆኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰደን። ጥግ ላይ፣ ጽድ ስር፣ አፈሩ ገና ያልረጋ ትንሽ ጉብታ አለ። ትዕግሥት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከጉብታው ላይ ጠጠሩን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ስሙን እየጠራች አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

ፀሐዩ በረታ። ሰሎሞን ጨነቀውና ክንዷን ይዞ ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

«ተዋት» አልኩት።

አጠገቧ ቆመን፣ ራሷ እስክትነሳ ጠበቅናት።